የጥሩምባ ሚስት ማንበብ እንዴት እንደተማረች

ጥሩምባ የምንለው ሰውና እኔ የምንጋራው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። እሱ ካስነጠሰ እኔ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» እላለሁ፤ እሱም ከዚያ ማዶ «ያኑርሽ» ይለኛል። ሥራው መናኸሪያ ነው። አውቶቡስ ሲጭን በሩ ሥር ቆሞ መኪናው የሚሄድበትን ከተማ ስም ይጠራል። ሌሎቹ ጠሪዎች ካርቶን ጠቅልለው አፋቸው ላይ ይደግናሉ፤ እሱ ግን በባዶ አፉ ነበር የሚጠራው። ድምፁ ወፍራም ሆኖ፣ የከተማው ስም መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሰንጠቅ ይልና ይረዝማል። ጥሩምባ የሚለውን ቅጽል ያወጡለት ሾፌሮቹ ናቸው። መሄድ ያላሰበ ሰው እንኳ እሱ ሲጠራው መንገድ ያምረዋል ይባል ነበር። አንዲት ሴትዮ እህቷን ልትሸኝ መጥታ፣ ጥሩምባ ሲጠራ ስትሰማ ልብስ እንኳ ሳትይዝ አብራ ተሳፍራ ሄደች እየተባለ ይቀለዳል። እሱ ግን «ቀልድ አይደለም፣ ቦታ የፈለግሁላት እኔው ነኝ» ይል ነበር።

ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ነገር በሆዷ የማታሳድር ሴት ናት። እሷ በማጠቢያ ማሽኖች ጩኸት፣ እሱ በሞተር ጩኸት መሀል ስለሚውሉ፣ ቤት ሲገቡ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ይረሳሉ። ሲጣሉም ሲታረቁም ሰፈሩ ይሰማል። እሱ «ጨው በዝቶበታል» ሲል እኛ ውሃ እንጠጣ ነበር።

እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅ ሳለች ታናናሾቿን ያዢ ተብላ ቤት ቀረች፤ ካደገች በኋላ ደግሞ «ምን ሊሠራልኝ?» አለች። የሆስፒታሉን አንሶላ የምትለየው ጫፉ ላይ በተሰፋው ክር ነው፤ ቀዩ የቀዶ ጥገና፣ ሰማያዊው የወላዶች። ቤት የሚነበብ ነገር ከመጣ ባሏ ጮክ ብሎ ያነብላታል። እሱም ቢሆን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው።

ከዕለታት አንድ ቀን ድምፁ ሻከረ። «ጉንፋን ነው» አለ። ጉንፋኑ ወራት ቆየ። ወደ ስልሳ እየተጠጋ ስለነበር «እርጅና ነው» አለ። ሚስቱ በመጨረሻ እጁን ይዛ እየጎተተች እምትሠራበት ሆስፒታል ወሰደችው። ማንቁርቱ ላይ ካንሰር ነበር። ሐኪሙ ማንቁርቱ መውጣት እንዳለበት፣ ከወጣ ደግሞ ዳግመኛ በአፉ መናገር እንደማይችል፣ ትንፋሹን የሚስበውም አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ እንደሚሆን አስረዳው። «ሕይወትዎን ለማትረፍ ድምፅዎን መስጠት ነው» አለው።

ጥሩምባም «ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አላውቅም ነበር» አለ።

ሚስቱ ግን አላመነታችም። «ከሌለ ባል ዝም ያለ ባል ይሻለኛል» አለች። ሐኪሙም ሳቀ፤ እነሱም ሳቁ። እኔም ስትነግረኝ ስቄያለሁ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። አንገቱ ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ እያሰረ ወጣ ገባ ማለት ጀመረ። መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣ እንዲጠብቅ ቦታ ሰጡት። ከሰው ጋር የሚግባባው በጽሑፍ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አይጠፋም። ችግሩ ቤት ሲገባ ነው። የሚጽፈውን ሚስቱ አታነብም። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ አብራቸው የምትኖር። እሱ ይጽፋል፣ ልጅቷ ታነባለች፣ እናትየው ትሰማለች። ልጅቷ እስክትመጣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በእጅ ምልክት ይግባባሉ፤ ውሃ፣ በሩን ዝጊ፣ ራሴን አመመኝ። ከዚህ ያለፈው ሁሉ በልጅ አፍ ያልፋል።

ባልና ሚስት የሚባባሉትን ሁሉ ልጅ አፍ ውስጥ ማስገባት ደግሞ አይቻልም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ጻፈና ለልጁ ሰጣት። ልጅቷ አየችው፤ አየችውና ጎንበስ አለች።

«ምን አለ?» አለች እናትየው።

«እማዬ፣ ይሄን አላነብም።»

«ስድብ ነው?»

«ስድብ ቢሆን አነብልሽ ነበር።»

ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ወጣች። አባትየው ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደው። ከዚያ ወዲህ ለሚስቱ የሚጽፈው «መድኃኒቴን አቀብዪኝ» እና «ነገ ዝናብ ይመጣል» ብቻ ሆነ። ግድግዳው የወፈረ መሰለኝ። ያ ሁሉ ጩኸት ጠፍቶ የእሷ ብቻ ይሰማኛል፤ የእሷም እየቆየ ቀነሰ። መልስ ለማይመጣበት ነገር ሰው ስንት ጊዜ ይናገራል?

ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ድምፃቸውን ያጡ ሰዎች የሚለማመዱበት ክፍል አለ። ክፍሉን የምትመራው ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ጎልማሳ ሴት ነች። ያረጁ ኮምፒውተሮች አሏት፤ ውስጣቸው የተጻፈውን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ጥሩምባን ለቁስሉ ክትትል ሲመጣ አገኘችውና «ጋሼ፣ ይምጡና ይሞክሩት» አለችው።

ወረቀቱን አወጣና «ጣቶቼ የአውቶቡስ በር መደብደብ እንጂ ሌላ አያውቁም» ብሎ ጻፈላት።

«ይሄም የሚደበደብ ነው፣ ቀስ ተብሎ ብቻ» አለችው።

ሄደ። ሚስቱ ከሥር ምድር ቤት ስታጥብ እሱ ከላይ ይማራል፤ ለእሷ ግን አልነገራትም። መጀመሪያ ማውዙን ጠረጴዛው ላይ እንደመንሸራተት አየር ላይ አንሥቶ አዞረው። ኪቦርዱን ደግሞ በትከሻው ሁሉ ነው የሚጫነው። «ር»ን ነክቶ መልቀቅ ሲገባው ተጭኖት ቆየና ማሽኑ «ርርርርርርር» አለ፤ በብርድ ጠዋት አልነሣ ያለ ሞተር ይመስል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ ድምፅ የለም፤ ትከሻ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

አንድ ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መንካት አለበት፤ የመጀመሪያው ፊደሉን ያመጣዋል፣ ሁለተኛው እጅና እግር ይቀጥልለታል። ይህ እስኪገባው ብዙ ቆየ። ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ሲያሰላስል ሚስቱ ታየዋለች፤ ጭንቀት መስሏት «እጅህን አሳርፈው» ትለዋለች። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ቀስ በቀስ ቃል፣ ከዚያ ዐረፍተ ነገር መሥራት ቻለ። ከሾፌሮቹ አንዱ ልጁ አዲስ ሲገዛ የተወውን ላፕቶፕ አመጣለት። ሲስተር ፕሮግራሙን ጫነችበት።

እሑድ ከሰዓት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሚስቱን እጇን ይዞ አስቀመጣት። ልጅቷ ቤት አልነበረችም። በአንድ ጣቱ እየለቀመ ረዘም ላለ ጊዜ ጻፈ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ነካ።

«እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት። ዛሬ ለብቻችን እንጫወት» አለ ኮምፒውተሩ።

ድምፁ የሴት ነበር። የወጣት ሴት፣ ጥርት ያለ፣ ዜና የምታነብ የመሰለች። ሚስትየው መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞር አለች።

«ይቺ ማናት?»

ወደ ማሽኑ ጠቆማት፤ ወደ ራሱም ጠቆመ።

«አንተ ነህ? ይቺ?» ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለኸኝ፣ ልታናግረኝ ስትመጣ ሌላ ሴት ይዘህ ትመጣለህ?»

እኔ ከግድግዳው ማዶ ሰምቼ ሳቅሁ። ኋላ ስታለቅስ ስሰማ በሳቄ አፈርሁ።

ልጅቷ ማታ ስትገባ «እማዬ፣ ማሽን ናት እኮ» አለቻት።

«ማሽን መሆኗን አውቃለሁ፣ ከማሽን ጋር ነው የምውለው። የሱ አይደለችም።»

ፕሮግራሙ ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ላፕቶፑ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እጇን ሳትታጠብ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊቱ ቆመች።

«ያቺን ሴትዮ አልፈልጋትም። ያንተን ነገር ከራስህ እጅ ነው የምፈልገው። ማንበብ አስተምረኝ።»

እሱም አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ነካ። በምን ድምፅ? ማለቱ ነበር። ፊደል የሚማረው በጆሮ ነው፤ አንዱ ይላል፣ ሌላው ይከተላል። ድምፅ የሌለው ሰው «በ»ን በምን ያስተምራል? ሁለቱም ቆመው ተያዩ። ከዚያ እሱ ወንበር ላይ ወጣና ላፕቶፑን አወረደ። ከፍቶ ሁለት ቁልፎች ነካ። ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ወጣ።

«በ» አለች ያቺ ሴት።

ፊደሉን በጣቱ ጠቆመ። ሚስቱ ስታመነታ ቆይታ «በ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ያቺ ሴት ቤት ቀረች። ሚስትየው መጀመሪያ ለማላገጥ «መምህርት» አለቻት፤ ኋላ ከምሯ ሆነ። «መምህርትን አስነሣት» ትለዋለች የቤቱን ሥራ ስትጨርስ። እኔ በየቀኑ በግድግዳው በኩል የሁለት ሴቶች ድምፅ እሰማ ነበር፤ አንዷ «ሰ» ትላለች፣ ሌላዋ «ሰ» ትላለች። አንዳንዴ ሳላውቀው እኔም አብሬያቸው እል ነበር።

ሃምሳን ያለፈች ሴት ፊደል የምታይበት ዓይን እንደ ልጅ አይደለም። ሁሉንም በልብስ ትተረጉመዋለች። «ሰ» የተሰጣ ሱሪ ነው። «ሸ» ሱሪው ከነቀበቶው። «ሀ» ባዶ ሳፋ። እሱም ይህን ስላየ በፊደል ገበታው ተራ ማስተማሩን ትቶ ከምታውቃቸው ነገሮች ጀመረ፦ በር፣ ሳሙና፣ ውሃ፣ አንሶላ። ስትሳሳት መጮኽ ስለማይችል ጠረጴዛውን ይመታል። «አትደብድብ፣ አውቶቡስ አይደለሁም!» ትለዋለች። ከዚያ ደግሞ ትስቃለች፤ የእሱ ትከሻም ይንቀጠቀጣል።

ማንበቡ እየገባት ሲሄድ የማሽኑን ድምፅ መዝጋት ጀመሩ። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። መጀመሪያ መልሷን በአፏ ትመልስ ነበር። ኋላ ልጅቷ እንዳትሰማ ብላ እሷም መጻፍ ተማረች። የእሱ አንድ ጣትና የእሷ አንድ ጣት በአንድ ኪቦርድ ላይ ይጋፉ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያወሩትን አልሰማሁም። የእሷን ሳቅ ብቻ አንዳንዴ። ምን አስቋቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም ነበር። ላፕቶፑን ልጅቷም ስለምትጠቀምበት ሲጨርሱ ሁሉንም ያጠፉታል። እሷ አንድ ጊዜ «ይቀመጥ፣ ያምራል» ብትለው፣ «ድሮ የተናገርነውስ የት ተቀመጠ?» ብሎ ጻፈላት። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት።

በዚያው ጊዜ ሲስተር ለአዲስ በሽተኞች እንዲያስተምርላት ጠይቃው ነበር። በሳምንት ሁለቴ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። አንድ ሥጋ ሻጭ መጥቶ ኪቦርዱ ላይ ፊቱን ደፍቶ ሲያለቅስ፣ ጥሩምባ አጠገቡ ተቀምጦ «አልቅስ፣ እሱ ድምፅ አይፈልግም» ብሎ በማሽኑ አስነበበለት። ሰውየው ቀና አለ። ከዚያ ወዲያ አልቀረም ይባላል።

ያ ጊዜ ደህና ጊዜ ነበር። አሁን ሳስበው ግን አጭር ነበር።

አገጩ ሥር እብጠት ወጣ። ጥሩምባ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ምርመራ አደረጉለት። በሽታው ተመልሶ ነበር፤ ሳንባውም ደርሷል፤ አሁን ቀዶ ጥገና የሚያደርሰው አልነበረም። ሐኪሙ «ልጅዎን ልጥራት?» ቢለው እጁን አወዛወዘ። ሌላው ሁሉ በልጅቷ አፍ አልፏል፤ ይህ ግን እንዲያልፍ አልፈለገም።

ቅዳሜ ነበር። ሚስቱ ግማሽ ቀን ሠርታ መጣች። እሱ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ የማሽኑን ድምፅ ዘግቶ፣ ጽፎ ጠበቃት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች። አዲስ ቃል ሲሰጣት ደስ ይላታል፤ የዚያን ቀንም ደስ ብሏት ነበር።

ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር አስገባች። «በ... ሽ... ታ... ው። በሽታው!» ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ስላወጣችው ቀና ብላ አየችው። ራሱን ነቀነቀላት። ወደ ሁለተኛው ቃል ሄደች። «ተ... መ... ል...» ቆመች። «ይቺን አላስተማርከኝም» አለች።

እውነቷን ነው። «ሷ» ገና አልደረሱባትም ነበር። እሱም ለማስተማር ተገደደ። የማሽኑን ድምፅ ከፈተ፤ ፊደሏን ለብቻዋ ጻፈ።

«ሷ» አለች መምህርት።

«ሷ» አለች እሷ። «ሱሪው እግር አወጣ ማለት ነው። ተመል... ሷ... ል። ተመልሷል።» ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ፣ ትክክለኛ መልስ ባገኘ ተማሪ ድምፅ፣ ከፍ አድርጋ አነበበችው። «በሽታው ተመልሷል።»

ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ነገሩ ጆሮዋ ገብቶ ልቧ እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ወስዷል። «አሳስተህ ጽፈሃል» አለችው። አይደለም በማለት ራሱን ወዘወዘ። «አጥፋውና ደግመህ ጻፈው» አለችው። አጠፋው፤ ደግሞ ጻፈው። በዚህ ጊዜ ምንም ሳያስቸግራት አነበበችው።

ተነሥታ ወጣች። እኔም ልቤ ስላልቻለ ወጣሁ። ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ እያወረደች ታጥፋለች። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ያጠበችው ነው፤ ገና እርጥብ ነው።

«እህቴ፣ ያልደረቀ ልብስ ታጥፊያለሽ?» አልኋት።

«ማንበብ ቻልሁ» አለችኝ። እጥፉን ቀጠለች።

ለልጃቸው ለጥቂት ጊዜ አልነገሯትም። ነገሩ የሁለቱ ብቻ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ነገሯት። ሚስትየው ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጽፋሉ። ስለ ምን እንደሚጽፉ አንድ ነገር ብቻ ነግራኛለች። «ፈርተሃል?» ብላ ጻፈችለት። «አዎ» ብሎ መለሰላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረበት፦ «ልጃችን የምታነብልሽ ቢሆን ኖሮ አልፈራሁም እል ነበር።»

እየደከመ ሲሄድ ጣቶቹ አበጡ። የሚነካው ቁልፍና የሚፈልገው ቁልፍ ይለያዩበት ጀመር። ፊደሎቹ እጅና እግር እያጡ ይወጣሉ፤ እሷ ራሷ እየቀጠለች ታነባቸዋለች። ቃሉን ከመጨረሱ በፊት ታውቅለታለች። ግማሹን ሲጽፍ ሌላውን ትጽፍለታለች፤ እሱም «አዎ፣ እሱን ነው» ለማለት ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ማንበብ በተማረ በዓመቱ እንዲህ ያነባል ብዬ አላስብም ነበር።

በመጨረሻ ሆስፒታል ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን እንድታስጠጋለት በእጁ አመለከተ። አልጋው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ አደረገችለት። ብዙ ደቂቃ ፈጀበት። አንዱን ቁልፍ ፈልጎ፣ አርፎ፣ ሌላውን ፈልጎ። ሲጨርስ ወደ እሷ ዞረና ጠበቀ።

አየችው። ሁለት መስመር ነው። ፊደሎቹ ተደራርበዋል፤ የማይገናኙ ቁልፎች አብረው ገብተዋል፤ ቁጥርም አለበት። ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ከመጨረሻው ጀመረች። አንዲት ቃል እንኳ አልወጣችላትም። ደግመህ ጻፍ እንዳትለው ላቡ ፊቱ ላይ ፈሷል። ዓይኑ ግን መልስ ይጠብቃል።

«እሺ» አለችው።

ፊቱ ፈታ አለ። እጇን ያዘና ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ከሥራ ልትመጣ ስለነበር፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ የተጻፈውን አጠፋችው። እጇ ልምዱን ነው ያደረገው። ካጠፋችው በኋላ ነው የደነገጠችው። በማግስቱ ጠዋት እሱ አረፈ።

በለቅሶው ሰሞን ልጅቷ የአባቷን ድምፅ ፈለገች። ስልኮችን ሁሉ ፈተሸች። ሾፌሮቹም ፈለጉ። ያን ያህል ዓመት መናኸሪያ ሙሉ ሰው የሰማውን ድምፅ አንድም ሰው አልቀዳውም። ጠዋት ማታ ያለ ነገር ነዋ፤ ማን ያስቀምጠዋል? አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል ተገኘ፤ እሱም ውስጥ ጥሩምባ ዳቦ እያኘከ ለካሜራው እጁን ሲያወዛውዝ ብቻ ነው የሚታየው። ልጅቷ ደግማ ደግማ ታየው ነበር፤ አንድ ጊዜ ውጦ የሚናገር ይመስል።

ሚስትየው ወደ ማጠቢያ ክፍሏ ተመለሰች። ሰው ሲያጽናናት «እሺ» ትል የነበረውን ትታ «አዎ» ማለት ጀመረች። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር። የአልጋውን ነገር የነገረችኝ ብዙ ቆይታ፣ ሳልጠይቃት ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጠን ስለ ሌላ ነገር እያወራን፣ ድንገት «ምን ብሎኝ ይሆን እሺ ያልኩት?» አለችኝ። «እወድሻለሁ ብሎሽ ይሆናል» አልኋት። «እሱንማ ያለችግር ይጽፈው ነበር፣ ጣቱ ለምዶት ነበር» አለች። ከዚያ «አንድ ነገር አድርጊልኝ ብሎኝ ቢሆንስ? ሳላደርገው ብቀርስ?» ብላ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ሲስተር ምድር ቤት ድረስ ወርዳ እንድታስተምርላት ለመነቻት። በሽተኞቹ መጻፍ ይማራሉ፣ ግን ማንበብ የማይችሉ ሚስቶችና እናቶች አሏቸው፤ «እትዬ፣ እርስዎ መንገዱን ያውቁታል» አለቻት። እምቢ አለች። ሲስተር እንደገና መጣች፤ እንደገና እምቢ አለች። በኋላ ግን አንዲት አሮጊት፣ ልጃቸው ሾፌር የነበረና ማንቁርቱ የወጣ፣ ራሳቸው እየጠየቁ ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጡ። በማሽኖቹ ጩኸት መሀል ቆመው «ልጄ የጻፈልኝን ለጎረቤት አስነብባለሁ፤ አፈርሁ» አሏት። አንሶላውን አስቀምጣ አብራቸው ወጣች።

አሁን በምሳ ሰዓት፣ እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች። ላፕቶፑን ለዚያ ክፍል ሰጥታዋለች። ጥሩ አስተማሪ ናት ብዬ አልዋሽም። ትቆጣለች፤ ጠረጴዛ ትመታለች። ከሁሉ የባሰ አንድ ነገር አላት፦ ያልገባውን ገባኝ የሚል ሰው አትታገሥም። አሮጊቷ አንድ ቀን፣ ልጃቸው ተኝቶ በሚታከምበት አልጋ አጠገብ፣ እሷ ባለችበት ጽሑፉን አይተው፣ እንዳያደክሙት ብለው «እሺ ልጄ» አሉት።

«ምን አለዎት?» አለቻቸው።

«ያው... ደህና ነኝ ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ የለም። ደግሞ ይጻፍ።»

«ደክሞታል እኮ ልጄ።»

«ቢደክመውም ይጻፍ።»

ልጁ ደግሞ ጻፈ። አሮጊቷ እያለቀሱ በጣታቸው ተከትለው አነበቡ፤ ትራሱን ከፍ እንዲያደርጉለት ነው የጠየቀው። ትራሱን ከፍ አደረጉለት። የዚያን ዕለት ግን የበሽተኛው እህት ለሲስተር ክስ አቀረበች፤ ያቺ ልብስ አጣቢ ጨካኝ ናት፣ በሽተኛ ታስጨንቃለች አለች። ሲስተር ጠርታ ትንሽ ለስለስ እንድትል መከረቻት። እሷም እሞክራለሁ ብላ ወጣች። እስካሁን ግን አልለሰለሰችም።